ያልተፈታው መቀነት

ረሂማን የዳሪሙ ሰው በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በኮረሪማዋና በጥርጣሬዋ። መቱ ገበያ ላይ የእሷን ኮረሪማ አንዴ ያሸተተ ሰው ሌላ ሻጭ ዘንድ አይሄድም። ጥርጣሬዋም ከኮረሪማዋ አያንስም። ሰላም ያላት ሰው ካለ ለምን ሰላም እንዳላት ታሰላስላለች። ሲመርቋት ከምርቃቱ ኋላ ምን ተደብቆ ይሆን ትላለች። ሚኒባስ ስትገባ ሾፌሩ «እናቴ፣ እዚህ ይመችዎታል» ብሎ ወንበር ካሳያት፣ ያ ወንበር አንድ ጉድ አለበት ማለት ነው፤ ሌላው ላይ ትቀመጣለች። ሌላው ወንበር ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ቢወጋትም እስከ መቱ ድረስ ትንፍሽ አትልም። ሲስቁባት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ይህን ጠባይ ከእናቷ ሆድ ይዛው አልወጣችም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ካኪ የለበሰ ሰው መጣና «እህል ይታደላል፤ ውጡ፣ ለአፍታ ነው» አለ። እናቷ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። ለአፍታ የተባለው መንገድ በጭነት መኪና ቀናት ፈጀ፤ ሲያልቅ ኢሉባቦር ሆነ። ዝናቡ አያባራም፣ ዛፉ ሰማይ ይጋርዳል፣ ሰው የሚናገረው አይገባም። እናቷ እስክትሞት ድረስ «ያ በር ክፍት ነው እኮ» ትል ነበር። ረሂማም ከዚያ ወዲህ «ለአፍታ ነው» የሚል ሰው ስትሰማ እግሯ ለመሸሽ ይዘጋጃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ!

ከእናቷ የወረሰችው ንብረት መቀነቷ ነው። ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ፣ ስምንት ክንድ የሚረዝም የጥጥ መቀነት። ሌላ ሴት ወገቧ ላይ ሁለት ሦስቴ አዙራ ትተወዋለች። ረሂማ ግን ከእምብርቷ ጀምራ እስከ ጎድኗ ድረስ እየደራረበች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ እየሳበች ነው የምትታጠቀው። ጎረቤቶቿ «ይቺ ሴትዮ ዘመቻ አለባት እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። በመቀነቱ ውስጥ፣ በቀኝ ጎኗ በኩል፣ በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ደብተር እንዳለች ግን ከእሷና ከፈጣሪዋ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደብተሯ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ናት። ባሏ ሰይድ ከቀበሌ ያመጣት በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ረሂማ የመጨረሻ ልጇን ወልዳ አራስ ሳለች ነው። ሰዎች ገመድ ይዘው ማሳውን ሲለኩ ድምፃቸውን ከግድግዳው ወዲያ ሰማች እንጂ ወጥታ አላየችም። ሰይድ ገባና ደብተሯን አጠገቧ አኑሮ «ደብቂ። ለማንም እንዳታሳዪ» አላት። «ለማንም» ሲባል ረሂማ መጀመሪያ ያሰበችው ዋሪቱን ነው።

ዋሪቱ ጎረቤቷ ናት፤ ደግሞም የልብ ወዳጇ። ሰፋሪዎቹ ከመኪና የወረዱ ዕለት የተጠበሰ በቆሎ ይዛ የመጣች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ እሷ ነበረች። ረሂማ አፋን ኦሮሞን ከእሷ ተማረች፤ እሷም አማርኛን ከረሂማ። ነገር ግን ለሰፋሪው የታደለው መሬት ባዶ አልነበረም። የረሂማ ቤት የቆመበትና ቡናዋ የበቀለበት ቁራሽ መሬት የዋሪቱ አባት የአቶ ዲንቃ ማሳ ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ጉርብትና ግን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ሰይድ ከሞተ በኋላ፣ ጊዜው በከፋ ቁጥር፣ «ሰፋሪ» የሚለው ቃል ገበያ ላይ በተነሣ ቁጥር፣ ረሂማ መቀነቷን አንድ ዙር ታጠብቀዋለች። ማንበብ አትችልም። ሰው እንዲያነብላት ለማሳየት ደግሞ ሰው ማመን ያስፈልጋል፤ ለትምህርትና ለሥራ ርቀው የሄዱት ልጆቿ እንኳ አላዩዋትም። ስለዚህ ደብተሯ ምን እንደምትል ሳታውቅ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በጎኗ ተሸክማት ኖረች። ሆድ ይፍጀው አለች፤ ሆዷም ፈጀው።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት የክረምቱ መውጫ ላይ ሕመም ጀመራት። መጀመሪያ ቀኝ ትከሻዋን አመማት፤ ኮረሪማ በመሸከም ነው ብላ ናቀችው። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፤ ቀጥሎ ጎኗ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተቀመጠ። መቀነቱን ጠበቅ ስታደርገው ያስታግስላታል፤ እሷም አጠበቀችው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዋሪቱ መጣችና ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኘቻት።

«ረሂማ፣ ኮቱ፣ ነይ ተነሽ! መቱ እንሄዳለን።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አለቻት ረሂማ። ታማም ቢሆን መጠየቅ አይቀርላትም።

«ሞትሽ!» አለች ዋሪቱ ተናዳ። «ሞትሽ ነው ያስቸኮለኝ!» እያለችም ደግፋ አወጣቻት።

መቱ ሆስፒታል የተቀበላቸው ዶክተር ፋኦል የሚባል፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር፣ ሰው ግን የማያመናጭቅ ሐኪም ነበር። ጉበቷ ውስጥ መግል ቋጥሯል አላት። ካልፈሰሰ ይፈነዳል፤ ከፈነዳ አያድርስ ነው። መግሉ የሚወጣው በረጅም መርፌ ነው። ችግሩ መግሉ ያለው ወደ ኋላ፣ ከትልቁ ደም ስር ጎን ሆነና፣ አልትራሳውንዱ ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሙሉውን ለማየት ጅማ ሄዳ በትልቁ መሣሪያ ፎቶ መነሣት አለባት።

ከዋሪቱ ጋር በበደሌ በኩል ጅማ ሄዱ። የምርመራው ቤት ሰው ወንድ ነበር። ረሂማን በነጠላዋና በሻሿ ተሸፋፍና ሲያያት አፈረና ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ «እናቴ፣ ብረት ነገር ካለብዎት ያውልቁ። ለአፍታ ነው» አላት።

ለአፍታ! ረሂማ ጉትቻዋን አወለቀች። መርፌ ቁልፏን አወለቀች። የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ለዋሪቱ ሰጠች። መቀነት ብረት የለውም፤ ደብተርም ብረት የላትም። ስለዚህ ሰውየው ዞር ሲል የሰጧትን ጋውን ከላይ ደረበች፤ መቀነቷን ደግሞ ከሥሩ አንድ ዙር አጠበቀችው። ሰውየውም ቀርቦ አልፈተሻትም፤ የእናቱ እኩያ ናት፣ እንዴት ይፈትሻት? እንደዚያው እንደታጠቀች ፎቶውን ተነሣች። በዚያን ቀን አንድም ውሸት አልተናገረችም፤ ብረት ያውልቁ ተባለች፣ አወለቀች።

መቱ ሲመለሱ ከዶክተሩ ጋር አንዲት ቀጭን ወጣት ጠበቀቻቸው። ቢሊሴ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ሐኪም አይደለችም፣ ሥራዋ የኮምፒውተር ስሌት ነው። ዶክተር ፋኦል ነገሩን እንዲህ አስረዳ፦

«ጉበት ድንጋይ አይደለም፤ ለስላሳ ነው። ሲተነፍሱ ይወርዳል፣ በጎንዎ ሲተኙ ይንሸራተታል፣ ሲጫኑት ቅርጹን ይለውጣል። የጅማው ፎቶ የዚያችን ሰዓት ጉበት ነው የሚያሳየኝ። እኔ ደግሞ መርፌ የማስገባው በሌላ ቀን፣ በሌላ አተኛኘት ነው። ስለዚህ ቢሊሴ ጉበትዎ እንዴት እንደሚለጠጥና ወዴት እንደሚሸሽ ታሰላልኛለች። ያኔ መርፌው የቱ ጋ እንደሚገባ አውቃለሁ።»

ረሂማ የሰማችው ልጅቷ «ከዩኒቨርሲቲ» መምጣቷን ብቻ ነው። ሊለማመዱብኝ ነው አለች በሆዷ።

የፈቃድ ወረቀት አመጡ። አንደኛው መርፌውን መፍቀጃ፣ ሁለተኛው ፎቶዋ ለጥናት እንዲውል። በመፈረም ፈንታ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ እንድታሳርፍ ጠየቋት። ረሂማ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ሸሸገችና ጨበጠችው።

«አስብበታለሁ» አለች።

እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሁሉ ለአልትራሳውንዱ ሆዷን መግለጥ ነበረባት። ከመጋረጃው ኋላ ብቻዋን ገብታ መቀነቷን ፈታች፤ ደብተሯን በመሐሉ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ወተፈችው፤ ክንዷንም ጥብቅ አድርጋ ተኛች። ቢሊሴ «ክንድዎን ዘና ያድርጉት» ብትላት «እንዲህ ነው የሚመቸኝ» አለች። ማንም አልጠየቃትም። ስትነሣ መልሳ ታጠቀችው።

ከዚያ ቢሊሴ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየቻት። ስክሪኑ ላይ ቡናማ ነገር ተንጠልጥሏል፤ በውስጡ ሰማያዊ ቧንቧዎችና አንድ ቢጫ እብጠት ይታያሉ። «ይህ የእርስዎ ጉበት ነው፣ እትዬ ረሂማ» አለች። በጣቷ ነካ ስታደርገው ጉበቱ ሸሸ፣ ተለጠጠ፣ ተመለሰ። ረሂማ ጎኗን ያዘች። አልተነካችም፤ ግን የተነካች መሰላት፤ ደነገጠችም። ገበያ ላይ ሰው ሲታመም ኩላሊቱን እያወጡ ይሸጡበታል የሚል ወሬ ትሰማ ነበር። ኩላሊት የሚሸጥ ከሆነ ጉበትስ ለምን አይሸጥም? አሁን ይኸው ጉበቷን ከውስጧ አውጥተው፣ ቀለም ቀብተው፣ እያገላበጡ ያሳዩዋታል። ለገዢ የሚያሳዩት እንዲህ አድርገው እንደሆነስ በምን ታውቃለች?

ይባስ ብላ ልጅቷ ጥያቄዋን አላቆመችም። ጠዋት ረሂማ ወደተኛችበት ክፍል መጥታ «በየትኛው ጎን ነው የሚተኙት?» ትላለች። ከሰዓት መጥታ «ጅማ ፎቶ ሲነሡ ምን በልተው ነበር? ትራስ ነበር? ሰው ይዞዎት ነበር?» ትላለች። ረሂማ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቃል ትመልሳለች። እንዲህ የሚጠይቁ ሰዎችን ታውቃለች፤ ከየት መጣሽ፣ መቼ መጣሽ፣ መሬቱን ማን ሰጠሽ ብለው የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ቢሊሴ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«እትዬ ረሂማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የጅማው ፎቶና የእኛው አልትራሳውንድ አልስማማ አሉኝ። ጉበት ይሸሻል፤ ግን ይህን ያህል አይሸሽም። ፎቶው ላይ ያለው ጉበት ወደ ላይ ተገፍቷል፣ ከታችም ጠፍጥፏል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህ ፎቶ የእርስዎ አይመስለኝም። ከሌላ ሰው ጋር አምታተውብን ይሆናል።»

«የኔንስ ለማን ሰጡት?» አለች ረሂማ ብድግ ብላ።

ዶክተር ፋኦል ግን ጊዜ አልነበረውም። ትኩሳቷ አልበርድ ብሏል፤ እብጠቱም በየቀኑ እየሰፋ ነው። ጅማ መልሶ መላክ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በመንገድ ሲንገጫገጭ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። «ነገ ጠዋት በዚሁ ፎቶ እገባለሁ። ስሌትሽን በተቻለሽ አስተካክይው» አላት ለቢሊሴ። ይህን የተነጋገሩት ኮሪደር ላይ ነበር፤ በሩ ግን ገርበብ ያለ ነበርና ረሂማ ሰማች።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ረሂማ በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አደረገች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ዋሪቱን «ባጃጅ ጥሪ፣ አገሬ ገብቼ ልሙት» አለቻት። ዋሪቱ ለመነች፤ በአማርኛ ለመነች፣ በኦሮምኛ ለመነች፤ መጨረሻ ላይ እንባዋን እየጠረገች ባጃጅ ልትፈልግ ወጣች።

ያኔ ነው ቢሊሴ ሳህን ይዛ የገባችው። ሳህኑ ላይ ትኩስ የበግ ጉበት አለ። ረሂማ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው» አለች ቢሊሴ ቶሎ ብላ። «ደግሞም አይበሉትም።»

«ታዲያ ለምን ከሙስሊም ቤት ገዛሽው?»

«እንዲህ ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ነዋ!»

ረሂማ ሳትወድ ልትስቅ ቃጣት፤ ዋጥ አደረገችው። ቢሊሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉበቱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ሌሊቱን አልተኛሁም፣ እትዬ። ያሰላሁትን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። አሁንም አልገጠመም። መጀመሪያ የእርስዎ ፎቶ አይደለም አልኩ፤ ኋላ ግን ጎድንዎን ቆጠርኩ። አሥረኛው ጎድንዎ ላይ የድሮ ስብራት አለ፤ እዚህ መጀመሪያ በተነሡት ራጅም አለ። ስለዚህ ፎቶው የእርስዎ ነው። ጥፋቱ እኔ ጋ ነው ማለት ነው። ፎቶው ላይ ቆዳዎ አጠገብ የጨርቅ እጥፋት የሚመስል ነገር ነበረ፤ አንሶላ ነው ብዬ ዘለልኩት። አንሶላ ባይሆንስ?» የፋሻ ቁራጭ አወጣችና ጉበቱን በመሐሉ አስራ ሳበችው። ጉበቱ ከፋሻው በላይ ተገፍቶ ተነፋ፣ ከሥሩ ተጣበቀ። «ይኸውልዎ። የሚጫነው ነገር ካለ እንዲህ ይሆናል። የሚጫነውን ካላወቅኩ ግን ኮምፒውተሬ የሚነግረኝ ውሸት ነው። ዶክተሩ በውሸት ከገባ መርፌው መግሉን ስቶ ደም ስሩን ያገኛል።»

ረሂማ ፋሻው የገባበትን ስርጉድ አየች። በነጠላዋ ሥር እጇ መቀነቱን ዳሰሰ።

«ያንን ማሽን አታምኚውም?» አለች።

«እኔ? አላምነውም» አለች ቢሊሴ። «ባምነው ኖሮ በየሰዓቱ እየመጣሁ እጨቀጭቅዎት ነበር? ዶክተሩንም አላምነውም። ራሴንም አላምንም። ሰው እንዳይሞትብኝ ነው የምጠራጠረው።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ረሂማን ገባቻት። ዕድሜዋን ሙሉ «እመኚኝ» የሚሉ ሰዎች ናቸው ያታለሏት። ካኪ የለበሰው ሰውዬም «ለአፍታ ነው» ሲል እመኑኝ ማለቱ ነበር። «አላምንም» የሚል ሰው ግን ሲያታልላት አላየችም። ከእሷ የባሰች ተጠራጣሪ ማግኘቷ ደረቷን ቀለል አደረገላት።

«በሩን ዝጊው» አለች።

ነጠላዋን ገለጠች። ቢሊሴ መቀነቱን ስታየው አፏ ተከፈተ። ከእምብርት እስከ ጎድን፣ ዙር በዙር፣ የጠበቀ።

«ጅማ... ጅማም ይኼ ነበረ?»

«ብረት የለውማ!» አለች ረሂማ ቆጣ ብላ። ወዲያው ግን ድምፅዋ ተሰበረ። «አንድ ዙር ደግሞ አጥብቄው ነበር።»

ቢሊሴ ሮጣ ዶክተሩን ጠራች፤ አልትራሳውንዱም ተገፍቶ መጣ። ረሂማ ልክ ጅማ እንደታጠቀችው፣ ያንኑ ያህል እየሳበች፣ ያቺን አንድ ዙር ጨምራ ታጠቀች። ዶክተር ፋኦል መሣሪያውን ከመቀነቱ በላይ በጎድኖቿ መሐል አሳርፎ ስክሪኑን ተመለከተ፤ ቢሊሴም ኮምፒውተሯን ተመለከተች።

«ገጠመ» አለች ቢሊሴ። «ፎቶው ይኸው ነው! አሁን ቀስ ብለው ይፍቱት፤ ሲፈታ ወዴት እንደሚሄድ ልከተለው።»

«እንዲያው በነበረው ብገባ ኖሮ...» አለ ዶክተር ፋኦል፤ ሳይጨርሰው ግንባሩን ጠረገ።

ረሂማ መፍታት ጀመረች። ሦስተኛው ዙር ላይ እጇ ቆመ። በላስቲክ የተጠቀለለችው ደብተር ብቅ ብላለች። አሁን ብብት ውስጥ መወተፍ የለም፤ ክንዷ ከራሷ በላይ መነሣት አለበት።

«ይቺን ማን ይያዝልኝ?»

«እኔ እንዳልይዝ እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ነው» አለች ቢሊሴ። «የእርስዎ ሰው ውጪ አለች አይደል? አዴ ዋሪቱ?»

«እሷ ናት ማየት የሌለባት!» አለች ረሂማ፤ ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ከወጣ ደግሞ ወጣ። መሬቱ የዋሪቱ አባት ማሳ እንደነበረ፣ ሰይድ ደብቂ እንዳላት፣ ዋሪቱ ይቺን ወረቀት ካየች ነገር ሊነሣ እንደሚችል፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ስትጨርስ ደግሞ አፈረች።

ቢሊሴ እጇን ከኮምፒውተሩ አንሥታ ደብተሯን ተቀበለችና ላስቲኩን ፈታች። ለማንበብ አልጠየቀችም፤ ረሂማም አልከለከለቻትም። ገጿን ገለጠች፤ ሌላ ገጽ ገለጠች፤ ከዚያ ቀና ብላ በሚገርም ዓይን አየቻት።

«እትዬ ረሂማ፣ ይቺን ማንም አንብቦልዎት አያውቅም?»

«ምን ትላለች?»

«አዋሳኞቹ ተጽፈዋል። በሰሜን ወንዝ። በምዕራብ መንገድ። በምሥራቅ ደግሞ ዋሪቱ ዲንቃ። እዚህ ታች፣ ድንበሩ ትክክል መሆኑን የመሰከሩ ሰዎች አሻራ አለ። የመጀመሪያው የእሷ ነው። ዋሪቱ ዲንቃ ይላል።» ደብተሯን አዙራ አሳየቻት። ሰማያዊ አውራ ጣት፣ በመሐሉ አንድ ጭረት። ያንን ጭረት ረሂማ ታውቀዋለች፤ ዋሪቱ ልጅ ሳለች ማጭድ የቆረጣት ነው። አንድ ላይ ሣር ሲያጭዱ ነበር፤ ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ያሰረችላትም ራሷ ረሂማ ነች።

ዋሪቱ በሩን አንኳኩታ ገባች። ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ረሂማ አልጋው ላይ ሆዷን ገልጣ፣ መቀነቷ ተፈትቶ፣ ደብተሯ በቢሊሴ እጅ ሆና ስታያቸው ግራ ገባት።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?» አለቻት ረሂማ።

ዋሪቱ ጎንበስ ብላ አየች። «እንዴ! ይቺ የሰይድ ደብተር አይደለችም? ጣቴን ያጠቆሩብኝ። ቀለሙ ሳምንት ሙሉ አለቅ ብሎኝ ሊጡ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖብኝ ነበር እኮ!»

«አንቺ መስክረሽ ነው?»

«ታዲያ ማን ይመስክር? ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች ዋሪቱ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ነበረ፣ ሌላም ነገር ነበረ። «አንቺ ማንን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ፣ ረሂማ?»

ረሂማ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ስትደብቅ የኖረችው የዚህችኑ ሴት ጣት ነው። ሳቅም አልመጣላት፣ እንባም አልመጣላት። እጇን ወደ ዶክተሩ ዘረጋች።

«ያንን ቀለም አምጡልኝ» አለች። «ሁለቱም ወረቀት ላይ።»

ዋሪቱ ባጃጁን አሰናበተችና ደብተሯን በሁለት እጇ ይዛ ጥግ ላይ ቆመች። ቢሊሴ ስክሪኑ ላይ ጉበቱ ከተጫነው ነገር ተላቆ ወደ ታች ሲወርድ ተከተለችው፤ ቢጫው እብጠት ከደም ስሩ ፈቀቅ አለ። «አየር ይሳቡ። ግማሹን ያውጡ። አሁን ይያዙት» አለቻት። ረሂማ ያዘች። መርፌው በጎድኖቿ መሐል ሲገባ ዓይኗን ከዋሪቱ እጅ ላይ አላነሣችም። አንዳች ነገር ውስጧ ሲበሳ ተሰማት፤ ቀጥሎ በቱቦው ውስጥ ቡናማ መግል መውረድ ጀመረ። ዶክተር ፋኦል «እሰይ!» አለ፤ ቢሊሴ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ዶክተር ፋኦል ቱቦውን አየት አደረገና «ይህ አሥር ቀን ይቆያል» አላት። «እስኪወጣ ድረስ መቀነት የለም። ጨርቅ እንኳ እንዳይጠብቅብዎት።»

ረሂማ አጠገቧ ተጣጥፎ የተቀመጠውን መቀነት አየችው። ከዚያ ዋሪቱን አየቻት። ዋሪቱ የሁለቱንም ቤት ላሞች ለጎረቤት አደራ ብላ ስለመጣች ከሰዓት በፊት ወደ ዳሪሙ ልትመለስ ተዘጋጅታለች፤ ደብተሯ አሁንም እሷ ጋ ናት።

«አንቺ ጋ ትቆይ በቃ» አለች ረሂማ። ቃሉ በስንት ምጥ ነው የወጣው።

ዋሪቱ ደብተሯን ቀሚሷ ውስጥ ደረቷ ላይ አስገባች፣ ጥላዋን አነሣች፣ ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ረሂማ አልቻለችም።

«ዋሪቱ! የት ነው የምታስቀምጪያት?»

ዋሪቱ ዞር አለች። ፊቷ ላይ በቆሎ ይዛ የመጣችው የዚያች ልጃገረድ ተንኮል ነበረ።

«አልነግርሽም» አለች፤ በሩንም ዘግታው ሄደች።

ረሂማ የተዘጋውን በር እያየች፣ ቱቦው ያለበትን ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ እስኪያማት ድረስ ሳቀች።